የመልካ ቂልጡ ደጆች

ዳሲቱ ከጅቡቲ የተመለሰችው በ1987 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ፣ በዕቃ ባቡር ነው። የሰው ባቡር አጥታ አይደለም። ቀለም፣ ብሩሽና የሸክላ መሣሪያ የሞላባቸው ሦስት ሣጥኖች ነበሯት፤ ከእነሱ ተለይቼ አልሄድም ስላለች የሟች ባሏ የቀናው የሥራ ጓደኞች ከአንዱ ፉርጎ ጥግ ቦታ አበጁላት። አቃቂ ጣቢያ ስትወርድ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከዚያው ጣቢያ ተሳፍራ ስትሄድ አሥራ ስምንት።

ሣጥኖቿን ለጣቢያው ዘበኛ አደራ ብላ በሐዲዱ ዳር ወደ ታች በእግሯ ሄደች። የምታየውን ታውቀው ነበር፤ ተጽፎላታል። ቢሆንም መስማትና ማየት ይለያያሉ። መልካ ቂልጡ በነበረበት ላይ የፋብሪካ አጥር ቆሟል። መልካ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ቂልጡ ደግሞ ዋርካ። ዋርካው ተቆርጧል። መሻገሪያው የፋብሪካው ውሃ የሚለቀቅበት ቦይ ሆኗል። ዳሲቱ አጥሩን ተከትላ እስከ ማዕዘኑ ሄደች፤ ተመለሰች፤ እንደገና ሄደች። የፋብሪካው ዘበኛ «እናቴ፣ ሰው ፈልገው ነው?» አላት። «አይ» ብላ ወደ ሣጥኖቿ ተመለሰች።

መንደሩ የፈረሰው እሷ በሄደች በሁለተኛው ዓመት፣ በ1958 ነው። ነዋሪው ወደ አስፋልቱ ዳር እንዲሰፍር ተደረገ። ከዚያ ከፊሉ ፋብሪካ ገባ፣ ከፊሉ ሳሪስ ሄዶ ነገደ፣ የቀረው ዘመድ ፍለጋ ተበተነ። እናቷ አስካለች በሰፈራው ስምንት ዓመት ኖራ በ1966 ሞተች። መርዶው ጅቡቲ የደረሰው ከአርባዋ በኋላ ነበር። የመንደሩ ፎቶግራፍ አንድም የለም፤ ተነሥቶ እንደነበር የሚናገር ሰውም አልተገኘም።

ጅቡቲ ውስጥ ቀናው የባቡር መካኒክ ነበር። እሷ ለሆቴልና ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሴራሚክ ከሚሠራ አንድ ግሪካዊ ዘንድ በጽዳት ተቀጥራ፣ በሁለተኛው ዓመት ብሩሽ ያዘች። ሃያ ዓመት ሰማያዊ ዓሣ ሣለች። ከሥራ ሰዓት ውጭ ግን በተረፈው ሸክላ ሳህን እየሠራች መንደሯን ትስልበት ነበር፦ ሐዲዱ ከፊት፣ ሳር ክዳኖቹ ቀጥሎ፣ ዋርካው ከሁሉም በላይ። ሳህኖቹ ቶሎ ይሸጡ ነበር። የመርከበኛ ሚስቶች እየገዙ ወደማታውቀው አገር ወሰዷቸው። ይህ የት ነው ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

አቃቂ ስትመለስ የመንደሩን ስም ይዞ የቆያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እድሩ። ተፈናቃዮቹ ሙታናቸውን ለመቅበር በ1958 ያቋቋሙት የመልካ ቂልጡ መረዳጃ እድር አሁን መቶ ሰባ አባል አለው። ከእነሱ መካከል መንደሩን በዓይኑ ያየ ግን አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀሩት ከፋብሪካው፣ ከባቡሩና ከየመሥሪያ ቤቱ ጋር የመጡ ናቸው። በ1988 መጀመሪያ እድሩ አዲስ አዳራሽ መገንባት ጀመረ፤ አዳራሹ ሲያልቅ ስሙም ይቀየር የሚል ሐሳብ አብሮ ተነሣ። ሐሳቡን ያቀረቡት ሰብሳቢው አቶ ታደሰ ነበሩ። ከ1951 ጀምረው ሃያ ስድስት ዓመት በባቡር ላይ ቲኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ነገር የማያጣምሙ ሰው ናቸው። ድምፅ የሚሰጠው ግንቦት 25 ቀን፣ እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ።

ዳሲቱ ቤታቸው ድረስ ሄደች።

«ወይዘሮ ዳሲቱ፣ ስሙን ጠልቼው እንዳይመስልዎት» አሏት። «ግን ወጣቶቹ ይጠይቁኛል። መልካ ቂልጡ ምንድነው ይላሉ። ምን ልበላቸው?»

«መንደር ነበር ይበሏቸው።»

አቶ ታደሰ ተነሥተው ከቁም ሣጥን ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከፋብሪካው ዕቃ ቤት ተጥሎ የተገኘ የቦታው አሮጌ ንድፍ ነው። ጣታቸውን ሐዲዱና ወንዙ መካከል አሳረፉ። በደቃቅ ጽሕፈት «ባዶ ግጦሽ፤ አልፎ አልፎ የሳር ክምር» ይላል።

«እኔም ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ» አሉ። «መንደር አይቼ አላውቅም። መዋሸት አልችልም።»

ዳሲቱ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «የአዳራሹን የፊት ግድግዳ ለእኔ ይስጡኝ» አለች። «መንደሩን እሠራዋለሁ። አባላቱ አይተው ይፍረዱ።»

አቶ ታደሰ ፈቀዱ።

ሥራው በጭቃው ተጀመረ። የመንደሩን አፈር ካልሆነ አልነካም ብላ ከአጥሩ ሥር ቆፍራ አመጣች። የአቃቂ ሰው ሁሉ የዋልካን፣ የጥቁሩን አፈር፣ ጠባይ ያውቃል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የመጀመሪያዎቹ አራት ሴራሚኮች ገና ሳይተኮሱ ጥላ ሥር እያሉ ተሰነጣጠቁ። የእናቷ ጎረቤት የነበሩት ኦቦ ሮሪሳ መጥተው በከዘራቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጓቸው።

«ዋልካ ቤት ያፈርሳል እንጂ ቤት ሠርቶ አያውቅም፣ ልጄ። ጅቡቲ እንዲህ ያስረሳል?»

ዳሲቱ ደህና ሸክላ ከሌላ ቦታ አስመጣች። የመንደሩን አፈር ግን ጨርሳ አልተወችም። በአጥሩ ግርጌ ዝናብ ካወጣው አፈር ውስጥ የተሰበረ ጋን፣ የእንስራ ጆሮ፣ የድስት ገል ለቅማ በሙቀጫ አደቀቀችና ከሸክላው ጋር ለወሰችው። ገል የገባበት ሸክላ አይሰነጠቅም። የተለቀመው ገል ደግሞ የመልካ ቂልጡ ሴቶች የሰበሩት ዕቃ ነው።

የካቲት ላይ ስድሳ ሴራሚኮች ተተኩሰው፣ ቀለማቸው እንደ እርጥብ ድንጋይ እያብረቀረቀ በግቢዋ በሸራ ላይ ተደረደሩ። እያንዳንዱ ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር ነው። ቤቶቹ ከሸክላው ላይ በጣት ውፍረት ያህል ጎላ ብለው ወጥተዋል፤ ሳሩ፣ ጭስ ያጠቆረው የጣሪያ ጫፍ፣ የአጥሩ እሾህ ሳይቀር ይታያል። ዳሲቱ አቶ ታደሰንና ኦቦ ሮሪሳን ጠራች፤ የኦቦ ሮሪሳ የሟች ወንድም ሚስት አዴ ዲንቄም አብረው መጡ። ኦቦ ሮሪሳና አዴ ዲንቄ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌዎች ናቸው።

አቶ ታደሰ ገና ከበሩ ሲገቡ ፊታቸው ፈካ።

«እውነትም!» አሉ። «ልክ እንዲህ ነበር። ሊትሪናው፣ የናፍጣው ባቡር፣ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ በግራ በኩል ይታያሉ። ክምሮቹን አሁንም አስታውሳቸዋለሁ። እንዴት አድርገው ሣሏቸው!»

«የምን ክምሮች?» አለች ዳሲቱ።

«የሳር ክምሮቹ ናቸዋ።» ወደ ቤቶቹ አመለከቱ።

ኦቦ ሮሪሳ በሸራው ዳር ቀስ እያሉ ዞሩ፤ ጎንበስ ብለው አንዱን ቤት አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ።

«ቤቱስ ቤት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሰዉ በየት ይገባል?»

«ጣሪያ ቀዶ ነዋ፣ እንደ ወንድምህ» አሉ አዴ ዲንቄ።

ዳሲቱ ያን ጊዜ አየችው። ከሠላሳ አራቱ ቤቶች አንዱም ደጅ አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባቡሩ በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን ከጭስ መውጫው የሚበተን ፍም ሦስት ቤት አቃጥሎ ነበር። የመልካ ቂልጡ ሰው ከዚያ ወዲህ ቤት ሲሠራ ለሐዲዱ ጀርባውን ይሰጣል፤ ደጁን ወደ ወንዙ ያደርጋል፤ በጓሮ በኩል መስኮት እንኳ አያወጣም። በናፍጣ የሚሄደው ሲመጣ ፍሙ ቀረ፤ ልማዱ ግን አልቀረም። ከባቡር ላይ የሚያይ መንገደኛ ደጅ የሌለው፣ ሳር የለበሰ ክብ ነገር ብቻ ነው የሚያየው። ንድፉን የጻፈውም ሰው ያየው ይህንኑ ነው። ዳሲቱም አሥራ ስምንት ዓመት በደጅ ገብታ በደጅ ስትወጣ ኖራ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል የሣለችው በመጨረሻው ቀን ከባቡር መስኮት ያየችውን ነበር። እንዴት እንዳላስተዋለችው ለራሷም ገረማት።

«አዴ፣ እኔ እኮ የሣልኩት ከባቡሩ...»

«እኛ ባቡር ላይ አልኖርንም፣ ልጄ።»

አቶ ታደሰ አፍረው ነበር። ቢሆንም «ወይዘሮ ዳሲቱ፣ እኔ ይበቃኛል» አሉ። «መንደር መሆኑን አሁን ገብቶኛል። ለስብሰባው እመሰክርልዎታለሁ።»

ዳሲቱ የሰብሳቢው ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያወጣ ታውቃለች። እሳቸው አዎ ካሉ ግማሹ አዳራሽ አዎ ይላል። ነገር ግን እንዲህ ሆኖ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ፣ ነገ የሚያየው ሰው ሁሉ ክምር ነው የሚያየው፤ ንድፉ የጻፈውን ባዶ ግጦሽ በእጇ ደግማ መጻፏ ነው። ወደ ግንቦት 25 የቀሩትን ሳምንታት ቆጠረች። አሥራ ሦስት ነበሩ። ለማድረቅ አራት፣ ለመተኮስ ሁለት ቢወስድ እንኳ...

«እንደገና እሠራዋለሁ» አለች። «ግን ብቻዬን አልችልም።»

ከማግሥቱ ጀምሮ ሁለቱ ሽማግሌዎች በየጠዋቱ ይመጡ ጀመር። ሥዕሉ ዞረ፤ አሁን ወንዙ ከፊት ሆነ፣ ደጆቹ ወደ ወንዙ ተከፈቱ፣ ሐዲዱ ከጣሪያዎቹ በላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ቀረ። ዳሲቱ ቤቶቹን ከእርጥብ ሸክላ እየሠራች በሸራው ላይ ታስቀምጣለች፤ ኦቦ ሮሪሳ በከዘራቸው ይገፏቸዋል፣ አዴ ዲንቄ በእጃቸው ይመልሷቸዋል።

«የመገርሳ በረት ከዚህ ነው።»

«ከዚያ አይደለም፣ ከዚህ። አንተ በረቱን የምታውቀው ወተት ልትሰርቅ ስትገባ ነው።»

«በልጅነቴ ነዋ።»

«በሠላሳ ዓመትህ።»

ትልቁ ክርክር የቤቱ ቁጥር ነበር። ኦቦ ሮሪሳ ሠላሳ አራት ነው አሉ፤ አዴ ዲንቄ ሠላሳ አምስት።

«የጥጃ ቤት ቆጥረሽ ነው።»

«ወንድምህ ሁለት ክረምት አድሮበታል። ሰው ያደረበት ቤት ነው።»

«ከቤቱ ማን አስወጥቶት?»

«እኔ ነኛ» አሉ አዴ ዲንቄ። «ታዲያ የት እንዳስወጣሁት እኔ አላውቅም?»

ዳሲቱ የጥጃውን ቤት ከሌሎቹ ግማሽ አድርጋ ሠራችው፤ ደጅም አበጀችለት። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው።

አንድ ቤት ግን ሲገፋ ሲገፋ ለመጨረሻ ቀረ። የአስካለች ቤት ነው። ዳሲቱ ሸክላውን በእጇ ይዛ ቆየች። አዴ ዲንቄ «ምን ነው?» አሏት።

«ያን ቀን ጠዋት ተሰናብቻት ወጣሁ። ባቡሩ በመንደሩ ሲያልፍ ለመጨረሻ ላያት በመስኮት አንገቴን አወጣሁ። ጓሮው ባዶ ነበር። ቀናውን በማግባቴ ተቀይማ ነው አልኩ። እስከ ዛሬም...»

«ከጓሮ ቆማ ልትሸኝሽ?» አዴ ዲንቄ ወደ ኦቦ ሮሪሳ ዞሩ። «ስማ፣ አልነገሯትም።»

«ለሚሄድ ሰው አይነገርም» አሉ ኦቦ ሮሪሳ። «ሆድ ያስብሳል።»

«ከጓሮ የሸኙት ሰው አይመለስም፣ ልጄ። እኛ የምንሸኘው ከደጅ ነው። ባቡሩ በጓሮ ቢያልፍ ምን እናድርገው? ደጇ ላይ ቆማ ነበር፤ አጠገቧ ነበርኩ። ፊቷን ወደ ወንዙ አድርጋ በጆሮዋ ነው የሸኘችሽ። ባቡሩ ድልድዩን ተሻግሮ ድምፁ እስኪጠፋ አልገባችም።»

«አልቅሳ ነበር?»

«ምን ታለቅሳለች። ስትሳደብ ነበር።»

«እኔን?»

«ባቡሩን።»

ዳሲቱ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ደጁን ከፈተችው። ከሌሎቹ አላስበለጠችውም፤ ኦቦ ሮሪሳ ልኩን በከዘራቸው ለክተው ሰጥተዋታል። ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት፣ ተራ ደጅ ነው።

እቶኑ የተለኮሰው ስብሰባው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ራሷ በጡብ ገንብታዋለች፤ የሚነደው የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ይህ ቢበላሽ ሌላ ለመሥራት ጊዜ የለም። ሁለት ቀን አነደደችው፤ ሦስት ቀን እንዲቀዘቅዝ ጠበቀችው። ሽማግሌዎቹ የእቶኑን በር በሩን እያዩ ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ጡቡን ስታነሣ ከስድሳው ሃምሳ ሰባቱ ደህና ነበሩ። ከተሰነጠቁት ሦስቱ ሁለቱ ሰማይ ብቻ ያለባቸው ስለሆኑ እንዳሉ ተወቻቸው። ሦስተኛው የዋርካው ሥር ነበር፤ እሱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለብቻው ሠርታ፣ በፍም ዳር አድርቃና ተኩሳ፣ ገና ትኩስነቱ ሳይለቀው በፎጣ ጠቅልላ አዳራሽ ወሰደችው።

ግንቦት 25 እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዳራሹ ሞላ። ሴራሚኮቹ ገና በሲሚንቶ አልተያዙም፤ የፊት ግድግዳውን ተደግፈው በእንጨት መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ የቀረበ ሰው አልነበረም። አባላቱ ወንበር እየያዙ ከሩቅ አዩት። ከዚያ የሺሐረግ የምትባል የፋብሪካው ክር ፈታይ ተነሥታ ተጠጋች።

«አባባ፣ ይሄ ወንዙ ነው?» አለች ኦቦ ሮሪሳን።

«ወንዙ ነው።»

«ሐዲዱ ያ ነው። እንግዲህ የፋብሪካው በር በዚህ ይሆናል... የኛ ክፍል ከበሩ በስተቀኝ ነው።» ጣቷን አሳረፈች። «እዚህ ላይ። ይህ የማን ነው?»

ኦቦ ሮሪሳ ጎንበስ ብለው አዩ። «የመገርሳ በረት። ስንት ዓመት ሠራሽ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የመገርሳን ከብቶች ስትጠብቂ ኖረሻላ። ደመወዝሽን ከእሱ ልጆች ጠይቂ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ወንበሩም ባዶ ሆነ። ሁሉም የራሱን ሊፈልግ ተነሣ። የማቅለሚያ ክፍሉ ሰዎች በጉልማው፣ በትንሹ እርሻ ዳር ካሉት ሦስት ቤቶች ላይ ወደቁ። የመጋዘን ሠራተኛው ራሱን ከአዴ ዲንቄ ጓዳ አገኘውና «ሳልጠራ ነው የገባሁት» ቢላቸው «ወንድ ሁሉ እንዲሁ ነው» አሉት። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ የተወለዱ የተፈናቃይ ልጆች ደግሞ ከእድሩ መዝገብ ላይ ስሙን ብቻ የሚያውቁትን የአያታቸውን ደጅ አግኝተው በጣታቸው ጫፍ ነኩት። ዳሲቱ በበሩ አጠገብ ቆማ ትመለከት ነበር። ማንም ክምር ነው ያለ የለም።

አቶ ታደሰ ሰዉ እስኪረጋጋ ብዙ ጠበቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ግድግዳው ፊት ቆሙ።

«እኔ ይህን አላውቀውም» አሉ። «መንደሩ እስኪፈርስ ሰባት ዓመት ሙሉ የዚህን ሰው ሁሉ ጀርባ ነው ያየሁት። ስሙ ይቀየር ያልኩት እኔ ነኝ፤ ድምፁን የምቆጥረውም እኔ ነኝ። ስለዚህ የኔን አስቀድሜ ልናገር። አይቀየርም።»

እጅ ተቆጠረ። በዕለቱ ከተገኙት መቶ ሃምሳ ሁለት አባላት መቶ ሠላሳ ዘጠኙ ስሙ ይቆይ አሉ፤ ስምንቱ ይቀየር አሉ፤ አምስቱ ድምፅ አልሰጡም። ቃለ ጉባኤው ላይ በአቶ ታደሰ እጅ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፦ «የእድሩ ስም መልካ ቂልጡ ሆኖ እንዲጸና፣ ሥዕሉም ከፊት ግድግዳ እንዳይነሣ ተወሰነ። የቤቱ ቁጥር ሠላሳ አራት ነው።» ከሥሩ በሌላ ቀለም «ሠላሳ አምስት» ተብሎ ታርሟል።

ኦቦ ሮሪሳ በ1991፣ አዴ ዲንቄ በዓመቱ ዐረፉ። የሁለቱም ሬሣ ከዚያ አዳራሽ ነው የተሸኘው፤ ከፊት ደጅ።

ድምፁ በተሰጠ በወሩ ገደማ፣ ዳሲቱ በፋብሪካው አጥር በኩል ስታልፍ የምሳ ሰዓት ሆኖ ሠራተኛው ወጥቶ ነበር። የሺሐረግ አየቻትና እጇን ይዛ ዘበኛውን አስፈቅዳ አስገባቻት። ሴቶቹ ከመፍተያው ክፍል ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል።

«ይህን ቦታ አገኘነው» አለቻት የሺሐረግ። «ከሥዕሉ ጋር አስተያይተን። እንዲያውም የፈረቃው አለቃ ትናንት "የት ሄዳችሁ?" ቢለን ምን አልነው መሰለሽ?»

«ምን አላችሁት?»

«አስካለች ደጅ ምሳ እየበላን ነው።»

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ዳሲቱም ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ወንዙ አድርጋ በላች።